የእጅ ዕዳ በእግር ሲከፈል

የሜዳ ቴኒስ ሕግ ለነጠላ ተጫዋች 8.23 ሜትር ስፋትና 11.885 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በድምሩ ወደ 98 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ካስረከበው በኋላ፣ ክብደቷ ከ56 እስከ 59.4 ግራም የሆነች አንዲት ኳስ በዚያ ይዞታ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳትነጥር እንዲጠብቅ ያዘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ በስሙ የተመዘገበለት ሰው አጥር ያጥራል፣ የብረት በር ይገጥማል፣ ዘበኛ ይቀጥራል እንጂ ቁምጣ ለብሶ ከጥግ እስከ ጥግ እየሮጠ አይጠብቀውም፤ የቴኒስ ተጫዋች ግን ባለይዞታም ዘበኛም እርሱ ራሱ ከመሆኑ በላይ፣ የራሱን እየጠበቀ በዚያው ቅጽበት የጎረቤቱን ይዞታ እንዲደፍር ይጠበቅበታል። ከሁለቱ ግዴታዎች የመጀመሪያው ሜዳን መሸፈን፣ ሁለተኛው ኳስን መቆጣጠር ይባላል፤ ሜዳን መሸፈን ማለት ተጋጣሚ የላካት ኳስ የትም ብታርፍ በጊዜ ደርሶ ሚዛንን ጠብቆ መቆም ሲሆን፣ ኳስን መቆጣጠር ማለት ደግሞ የመቷትን ኳስ በአቅጣጫ፣ በርቀት፣ በከፍታና በፍጥነት መጥኖ ወደታሰበላት ቦታ ማድረስ ነው። አሰልጣኞች ሁለቱን ለየብቻ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎችም ሁለቱን ለየብቻ ይሸሻሉ።

ይሁንና ሁለቱ ችሎታዎች በእውነቱ የአንድ ሂሳብ ገቢና ወጪ ናቸው። በግዴለሽነት የተመታች ኳስ ተጋጣሚው ተመቻችቶ ወደቆመበት ስፍራ ትሄዳለች፤ ተመቻችቶ የቆመ ተጋጣሚ ደግሞ መቺውን ወደፈለገው ጥግ ያስሮጠዋል፤ ስለዚህ እጅ በአንዲት ምት ያጎደለውን እግር በሚቀጥለው ምት በብዙ እርምጃ ይከፍላል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ዘግይቶ የደረሰ እግር እጅን አጣምሞ ያስመታዋል፣ የተጣመመው ምትም አዲስ ሩጫ ይወልዳል። የቴኒስ ልምምዶች ሁሉ ይህን ዕዳ ለማቅለል የተፈለሰፉ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ የሰው ልጅ ግን ዕዳ ከመክፈል ይልቅ መበደር የሚቀናው ፍጡር በመሆኑ ከልምምድ ግጥሚያን ይመርጣል።

ልምምድ ሲባል እዚህ ላይ አንድን ምት ወይም አንድን እርምጃ ከጨዋታው ነጥሎ፣ ነጥብ ሳይቆጥሩ፣ ሰውነት ሳያስብ እስኪፈጽመው ድረስ ደጋግሞ መሥራት ማለት ነው። ከዚህ ብያኔ ውስጥ ለአማተር ተጫዋች የሚመች አንድም ነገር የለም፤ መደጋገሙ ያሰለቸዋል፣ ነጥብ አለመቁጠሩ ድሉን ይነፍገዋል፣ ከጨዋታው መነጠሉ ደግሞ ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው ያሳጣዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ የሚገናኙ ወዳጆች «ትንሽ እንሟሟቅና እንጫወት» የሚባባሉት ለዚህ ነው፤ በይፋዊ ውድድር ለማሟሟቂያ የሚፈቀደው ቢበዛ አምስት ደቂቃ በመሆኑ እነርሱም ይህን ደንብ በጥብቅ ያከብራሉ፤ ልዩነቱ የውድድር ተጫዋቾቹ ከአምስቱ ደቂቃ በፊት ለዓመታት ሲለማመዱ የኖሩ መሆናቸው፣ የቅዳሜዎቹ ተጫዋቾች የዓመት ልምምድ ግን እነዚያው አምስት ደቂቃዎች መሆናቸው ነው። ግጥሚያው ተጀምሮ የመጀመሪያዋ ኳስ ከመስመር ውጭ ስታርፍ ምርመራ ይከፈታል፤ በቅድሚያ የራኬቱ ክሮች አንድ በአንድ በጣት እየተስተካከሉ ይመረመራሉ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ከዚያ ፀሐይዋ፣ ከዚያ ጫማው፣ በመጨረሻም ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ወሬ ይጠረጠራል፤ ራኬቱን የያዘው እጅ ግን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ለዚህ እጅ የመጀመሪያው መገሠጫ ሚኒ ቴኒስ የሚባለው ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች ከመረቡ 6.40 ሜትር ርቀው በተሰመሩት የሰርቭ፣ ማለትም የነጥብ ማስጀመሪያው ምት፣ መስመሮች አካባቢ ትይዩ ይቆሙና፣ ኳሷን በዝግታ እየተቀባበሉ ከእነዚያ መስመሮች ሳታልፍ እንድትመላለስ ያደርጋሉ። ሜዳው ሲያጥር ጉልበት ፋይዳ ያጣል፤ የሚቀረው ኳሷን ከሰውነት ፊት መገናኘት፣ የራኬቱን ፊት ወደታሰበው አቅጣጫ ማዞርና እግርን ከምቱ በፊት ማዘጋጀት ብቻ ነው፤ ቴኒስም በመሠረቱ ከዚህ ሌላ አይደለም። ይህ ጥቅም ያለው ልምምድ ግን ለአዋቂ ሰው ክብር የማይመጥን መስሎ ይታያል፤ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሠራተኛ የሚያዝዝ ኀላፊ በሜዳ ላይ ኳስን በለሆሳስ ሲያቀባብል መታየቱ ስለሚከብደው፣ ከጥቂት ምልልስ በኋላ አንዷን ኳስ እስከ አጥሩ ድረስ ይሸኛታል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ለጀማሪዎች በቀርፋፋ ኳስ የመማርን ዘዴ የሚያስፋፋ ዘመቻ ጀምሯል፤ በዚህ አሠራር ቀይዋ ኳስ ከመደበኛዋ 75 በመቶ፣ ብርቱካናማዋ 50 በመቶ፣ አረንጓዴዋ 25 በመቶ የዘገየች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ውድድር በእነዚህ ኳሶች እንዲካሄድ ተደንግጓል። ሕፃናትን ከመደበኛዋ ኳስ የሚጠብቅ ሕግ በዚህ መልክ ሲወጣ፣ መደበኛዋን ኳስ ከአዋቂዎች የሚጠብቅ ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ተጫዋቾቹ ቤዝላይን ወደሚባለው የኋለኛ መስመር ተመልሰው የሚሠሩት የሰያፍ ልምምድ ነው። በቀኝ እጅ የሚመቱ ሁለት ሰዎች በፎርሃንድ፣ ማለትም መዳፍ ወደ ኳሷ ዞሮ በሚመታበት ምት፣ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ለረጅም ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ከዚያም በባክሃንድ፣ ማለትም የእጅ ጀርባ ወደፊት በሚዞርበት ምት፣ በሌላኛው ሰያፍ ይደግሙታል። አሰልጣኝ ሁሉ ሰያፉን የሚያስቀድመው በልማድ ሳይሆን በጂኦሜትሪ ነው፤ መረቡ በምሰሶዎቹ ዘንድ 1.07 ሜትር ከፍታ ሲኖረው መሐሉ ላይ ግን በማሰሪያ ተስቦ ወደ 91.4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሜዳውም በቀጥታ ሲለካ 23.77 ሜትር ሲሆን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ከ25 ሜትር ይበልጣል። በሰያፍ የተመታች ኳስ እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ እንቅፋትና ከአንድ ሜትር በላይ ትርፍ መሬት ታገኛለች፤ በመስመሩ ዳር በቀጥታ የተመታችው ደግሞ ከፍ ያለውን መረብ ተሻግራ ባጠረው መሬት ላይ መውረድ ግድ ይሆንባታል። ይህን ሁሉ አጥርቶ የሚያውቅ አማተር ከሦስት የሰያፍ ምቶች በኋላ አራተኛዋን በቀጥታ መስመሩ ላይ ለማሳረፍ ይሞክራል፤ ምክንያቱም የሰያፍ ምት ጭብጨባ የለውም፣ መስመር የነካች ኳስ ግን ሳምንቱን ሙሉ ትወራለች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ቴኒስ ወደ ሀገር ሳይገባ ነው፤ ዘግይቶ ቢባል ኖሮ ጅቡ መስመር ላይ ሲመታ ይገኝ ነበር።

ሰያፉና ቀጥታው ሲጣመሩ የስምንት ቅርጽ ልምምድ ይገኛል። በዚህ ልምምድ አንደኛው ተጫዋች ኳሷን ምንጊዜም በሰያፍ፣ ሁለተኛው ምንጊዜም በቀጥታ ስለሚመታ ኳሷ በሜዳው ላይ የ8 ቁጥርን መስመር እየተከተለች ትዞራለች፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዷን በቀኛቸው፣ ቀጣይዋን በግራቸው ለመምታት ያለማቋረጥ ከዳር ዳር ይሮጣሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ሚናቸውን ይለዋወጣሉ። እጅ አቅጣጫን በሚማርበት በዚያው ሰዓት እግር ርቀትን ስለሚማር ሁለቱን ችሎታዎች በአንድ ጊዜ ከሚያሠሩ ልምምዶች መካከል ይህን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሚና ከተለዋወጡ በኋላ ግን ማን በሰያፍ፣ ማን በቀጥታ ይመታ እንደነበር ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ክርክሩ ትንፋሽ ለመሰብሰቢያም ስለሚያገለግል ሁለቱም ወገኖች ለማሳጠር አይቸኩሉም።

ሰያፍን የሚያስቀድመው ጂኦሜትሪ በችግር ምክንያት የተገለበጠበት አንድ የታወቀ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰርቢያ ዋና ከተማ በቤልግሬድ፣ የቤት ውስጥ የቴኒስ ሜዳ በጠፋበት ዘመን፣ ውኃው የተደፋ የመዋኛ ገንዳ ምንጣፍ ተነጥፎበት ለክረምት ልምምድ ይውል ነበር፤ ሰርቢያዊቷ ተጫዋች አና ኢቫኖቪች በልጅነቷ ከተለማመደችባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ገንዳ ነው። የገንዳው ግድግዳ ከጎን መስመሩ አጠገብ ስለነበረ በሰያፍ ሰፋ አድርጎ መምታት ስለማይቻል፣ ልጆቹ ኳሷን በቀጥታ መስመር መላላክን ያለ አማራጭ ተማሩት። ኢቫኖቪች እ.ኤ.አ. በ2008 የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር አሸንፋ በዚያው ዓመት የዓለም አንደኛ ሆነች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁሉም ሰው ገንዳውን ያድርቅ የሚል አይደለም፤ ልምምድ ዋጋ የሚኖረው ምርጫን ሲያጠብ መሆኑን ግን ያሳያል። ሰፊ ሜዳ የተሰጠው ሰው ወደፈለገው ይመታል፣ ወደፈለገው የሚመታ ሰው ደግሞ ወዴት እንደፈለገ የሚያውቀው ኳሷ ካረፈች በኋላ ነው።

ምርጫን በሰው ሠራሽ መንገድ ለማጥበብ ዒላማ ይተከላል። የጎማ ኮን፣ የኳስ ቆርቆሮ ወይም ከሜዳው ዳር የተገኘ አሮጌ ጫማ ከጎን መስመሩም ከኋለኛው መስመርም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የሰው ምት ከታሰበበት ነጥብ በየአቅጣጫው የሚበተን በመሆኑ፣ መስመሩን ያለመ ሰው ከምቶቹ ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ እንደሚልክ ስለሚታወቅ ነው። ከፍታም ዒላማ ያስፈልገዋል፤ ከመረቡ በላይ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ገመድ ተወጥሮ ከቤዝላይን የምትመታ ኳስ ሁሉ በገመዱ ላይ እንድታልፍ ሲደረግ፣ መረቡን ታክካ የምታልፍ ኳስ የምታምር ብትመስልም አብዛኛውን ጊዜ አጭር የምትቀር መሆኗንና ከፍ ብላ የሄደችው ግን ጠልቃ እንደምታርፍ ተጫዋቹ በዓይኑ ያያል። ጥብቅ አሰልጣኞች አሥር ኳስ በተከታታይ ከሰርቭ መስመሩ አልፋ እስክታርፍ ይቆጥራሉ፣ አንዷ ስትስት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ስምንት ላይ ደርሶ የሳተ ሰው «ነክታለች እኮ» ማለት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። በግራ ያለውን ኮን አልሞ በቀኝ ያለውን የጣለ ሰው ደግሞ ወዲያውኑ እጁን አንሥቶ ለተመልካች ሰላምታ ይሰጣል፤ የትኛውን እንዳለመ የሚያውቀው እርሱ ብቻ በመሆኑ ምስክር አይቀርብበትም።

ጓደኛ ላጣ ተጫዋች ግድግዳ አለለት። ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ፣ አባቱ በጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ተሸልሞ የሰጠውን ራኬት ይዞ፣ በሶደርቴሊያ ከተማ ከቤታቸው መኪና ማቆሚያ በር ጋር ሲጫወት እንዳደገ በስፋት ይነገራል፤ ይህ ልጅ ከ1976 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አምስት ጊዜ በተከታታይ የዊምብልደንን ውድድር አሸንፏል። ግድግዳ ለኳስ ቁጥጥር የሚጠቅመው የላኩለትን ሳያሳምርና ሳያበላሽ ስለሚመልስ ነው፤ በዘፈቀደ የተመታች ኳስ በዘፈቀደ ትመለሳለች፣ ቀጥ ብላ የተመታች ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ ርቀቱም ከሜዳው ግማሽ የሚያንስ በመሆኑ ለመዘጋጀት የሚገኘው ጊዜ አጭር ነው። በመሬት ላይ አንድ ጊዜ የምትነጥረውን መምታት፣ ቀጥሎ ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት፣ ማለትም ቮሊ፣ ከዚያም ሁለቱን ማፈራረቅ የተለመደው ቅደም ተከተል ነው። ሆኖም ግድግዳ ተሸንፎ የማያውቅ ተጋጣሚ በመሆኑ የአማተሩን ልብ ይሰብራል፤ ከዚህም የከፋው ነገር ግድግዳ «ዛሬ ጥሩ ነህ» የማይል መሆኑ ነው።

ግድግዳው የማይሰጠውን ልዩነት ለመስጠት ደግሞ ኳስ መወርወሪያ ማሽን ተፈጠረ። አዞ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ፈረንሳዊ ተጫዋች ሬኔ ላኮስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለራሱ ልምምድ ማሽን ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የማሽን ልምምድ ወደ ጽንፍ የተወሰደበት ቤት ግን በላስ ቬጋስ የሚገኘው የአሜሪካዊው ተጫዋች የአንድሬ አጋሲ የልጅነት ቤት ነው፤ ለኢራን በ1948 እና በ1952 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ ቦክስ የተጋጠሙት አባቱ ማሽኑን ራሳቸው አሻሽለው፣ ልጃቸው በቀን 2,500 ኳስ፣ በዓመትም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ኳስ እንዲመታ ያደርጉ እንደነበር አጋሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግለ ታሪኩ ጽፏል። ልጁ ስምንት ታላላቅ ውድድሮችን በነጠላ አሸነፈ፣ በዚያው መጽሐፍም ቴኒስን ይጠላ እንደነበር ተናዘዘ። የሰፈሩ አማተር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ቴኒስን ከልቡ ይወዳል፣ የሚጠላው ልምምዱን ብቻ ነው።

የኳስ ቁጥጥር በአዲስ አበባ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ይከተለዋል፤ እርሱም አየሩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ኳሷን የሚያዘገያት በጥቂቱ በመሆኑ በባሕር ዳርቻ ቤዝላይን ላይ የምታርፈው ምት እዚህ ከመስመሩ አልፋ ትሄዳለች፤ በውስጧ አየር የታመቀባት ኳስም በውጭ ያለው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከፍ ብላ ትነጥራለች። ዓለም አቀፉ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የሚሆኑ የተለዩ ኳሶችን የፈቀደው ለዚህ ነው። እነዚህ ኳሶች በማይገኙበት ጊዜ መፍትሔው በልምምድ ይፈለጋል፤ ራኬቱን ወደኋላ የመሳቢያውን ርቀት ማሳጠርና ቶፕስፒን የሚባለውን፣ ማለትም ራኬቱ ከታች ወደ ላይ እየቦረሸ ኳሷን ወደፊት የሚያሽከረክርበትን ምት መጨመር ይገባል፤ ወደፊት የምትሽከረከር ኳስ አየሩ ወደ ታች ስለሚጫናት ከመስመሩ በፊት ትወርዳለች። እንዲህ ያለው ማብራሪያ በልክ ካልተሰጠ ግን ጉዳት አለው፤ የሌላ ሀገር አማተር ለሳተው ኳስ ሰበብ ሲፈጥር የአዲስ አበባው ሰበቡን ሳይንስ ስላጸደቀለት፣ በጎን መስመር በሦስት ሜትር የወጣችውንም ኳስ በከፍታው ያሳብባል።

ከአየሩ ይልቅ ልምምድን የሚያውከው አክብሮት ነው። ልምምድ ውድድር ሳይሆን መተጋገዝ በመሆኑ ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው ለሌላው የምትመለስ ኳስ መስጠት አለባቸው፤ ይህ ደንብ ግን በሁለት አቅጣጫ ይጣሳል። አንደኛው ጣሽ አራተኛዋን ኳስ ባልታሰበ ጥግ አሳርፎ ባልተቆጠረ ነጥብ የሚፎክረው ሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው በዕድሜ ከሚበልጠው ጋር የሚለማመደው ወጣት ነው። ወጣቱ ጋሼን ማስሮጥ ነውር ስለሚሆንበት ኳሷን አስተካክሎ ራኬታቸው ላይ ያሳርፍላቸዋል፤ ጋሼ የመለሷት ኳስ አንድ ክንድ ከመስመር ብትወጣም «ጋሼ፣ ቆንጆ ነበረች» ብሎ ይመልሳታል። በዚህ መልክ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ወጣቱ ኳስ ቁጥጥርን በእጅጉ ያሻሽላል፣ ምክንያቱም ኳስን በሰው ራኬት ላይ ማሳረፍ ከሁሉም የከበደ ዒላማ ነው፤ ጋሼ ደግሞ መሻሻሉ የእርሳቸው እንደሆነ አምነው ወጣቱን ስለ ምት አያያዝ መምከር ይጀምራሉ።

ወደ እግር ሲመጣ፣ የሜዳ ሽፋን የሚጀምረው በሩጫ ሳይሆን ስፕሊት ስቴፕ በሚባል ትንሽ ዝላይ ነው። ተጋጣሚው ኳሷን ሊመታ ሲል ተጫዋቹ ከመሬት በጥቂቱ ብድግ ብሎ፣ ኳሷ ከራኬቱ ስትለቅ በሁለቱም እግሮቹ የፊት ክፍል ላይ፣ ጉልበቱን ዐጠፍ አድርጎ ያርፋል፤ የመሬቱ ግፊት እግሩን ስለሚያነቃው ወደየትኛውም ጎን ለመነሣት ዝግጁ ይሆናል። ይህን ለማስለመድ የጥላ ልምምድ የሚባል አለ፤ ተጫዋቹ ኳስ በሌለበት ሜዳ ላይ እንደ ጨዋታው ሁሉ ይዘልላል፣ ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ ይመታል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ልምምዱ ከሁሉም ርካሹና ከጠቃሚዎቹ አንዱ ነው፤ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ግን ቆሞ ኳሷን ይፈልጋል፣ ሲያጣት ያማትብና መንገዱን ይቀጥላል።

ፍጥነትን ከመቆምና ከመዞር ጋር የሚያስተምረው የሸረሪት ልምምድ ነው። አምስት ኳሶች በአንድ ወገን ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ በቤዝላይኑና በነጠላ የጎን መስመሮቹ መገናኛ፣ ሁለቱ በሰርቭ መስመሩና በጎን መስመሮቹ መገናኛ፣ አምስተኛዋ በሰርቭ መስመሩ መሐል፤ ተጫዋቹ ከቤዝላይኑ መሐል ምልክት ተነሥቶ እያንዳንዷን በየተራ አምጥቶ ምልክቱ ዘንድ ያኖራታል። ጠቅላላ ርቀቱ ሲሰላ 55 ሜትር ገደማ ነው፤ በ10,000 ሜትር 25 ዙር የሚዞሩ ጀግኖችን ላፈራች ሀገር ዜጋ ይህ ርቀት ስድብ ይመስለዋል። ነገር ግን በ55ቱ ሜትር ውስጥ አሥር ጊዜ መቆም አለ፣ የሩቅ ሩጫ ደግሞ የሚያስተምረው አለመቆምን ነው፤ በመሆኑም በየማለዳው ጃን ሜዳን የሚዞር ብርቱ ሰው እንኳ ከሦስተኛዋ ኳስ በኋላ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጥበቡ በትልቅ እርምጃ ተነሥቶ ኳሷ ዘንድ ሲደርሱ በአጫጭር እርምጃ ሚዛንን ማስተካከል ሲሆን፣ ያልተማረ እግር በተቃራኒው በአጭር እርምጃ ዘግይቶ ይነሣና በመጨረሻ ተንጠራርቶ ይደርሳል።

ሁለቱን ችሎታዎች የሚያጋጥመው ከባዱ ልምምድ ሁለት ለአንድ ይባላል፤ ከ1939 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በነበረው ጊዜ በአምበልነት አውስትራሊያን ለ16 የዴቪስ ካፕ፣ ማለትም የአገራት ቡድኖች ውድድር፣ ድሎች ያበቃው ሃሪ ሆፕማን በዚህ ዓይነቱ ልምምድ ይታወቃል። ከአንድ ወገን ሁለት ሰዎች ሜዳውን ተካፍለው ይቆማሉ፣ በሌላው ወገን ያለው ብቸኛ ተጫዋች የሁለቱንም ምት ያለ ዕረፍት ይመልሳል። ሁለቱ የሚሸፍኑት መሬት ግማሽ ግማሽ በመሆኑ ብቸኛው ሰው ነጥብ ለማሸነፍ መሞከር ከንቱ መሆኑን በፍጥነት ይረዳና፣ ጊዜ የሚሰጠውን ምት መምረጥ ይጀምራል፤ ይኸውም ከፍ ያለ፣ ጠለቅ ያለና በሰያፍ የሄደ ምት ነው። ሰያፍ እንደገና የሚመጣው በእግር ምክንያት ነው። ከምት በኋላ ተጫዋቹ መመለስ ያለበት ሁልጊዜ ወደ ሜዳው መሐል ሳይሆን ተጋጣሚው ሊልክባቸው የሚችላቸውን አቅጣጫዎች ሁሉ እኩል ለሁለት ወደሚከፍለው መስመር ነው፤ ከጥግ በሰያፍ ለመታ ሰው ይህ ቦታ ከመሐሉ ምልክት ወዲህ፣ እርሱ ባለበት ጎን ስለሚሆን የሚመለሰው አጭር መንገድ ነው፤ ከዚያው ጥግ በቀጥታ የመታው ግን ምልክቱን አልፎ ወደ ሌላው ጎን መድረስ አለበት። አማተሩ ታዲያ ረጅሙን መንገድ የሚያስከትለውን ቀጥታ ምት ከመረጠ በኋላ መንገዱን ሳይጀምር ባለበት ቆሞ ምቱን ያደንቃል፤ የምቱ ውበት ባለበት እንዳሰረው፣ ኳሷ ባዶውን ጎን አቋርጣ ትሄዳለች።

ሰርቭ ብቻ ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው፤ ተጫዋቹ ኳሷን ራሱ ወርውሮ ራሱ ስለሚመታት ሩጫም ሰበብም የለውም። ልምምዱ አንድ ቅርጫት ኳስ ይዞ፣ 6.40 በ4.115 ሜትር የሆነውን የሰርቭ ሳጥን በሐሳብ ለሦስት ከፍሎ፣ አሥር ወደ ጎን መስመሩ፣ አሥር ወደ ተቀባዩ ሰውነት፣ አሥር ወደ መሐሉ መስመር መላክ ነው። የመጀመሪያው ሰርቭ ሲስት የሚተካው ሁለተኛው ሰርቭ፣ ስሕተት ቢሠራ ነጥብ የሚያስከፍል በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው የበለጠ ልምምድ ይገባው ነበር፤ በተግባር ግን ቅርጫቱ በሙሉ በከፍተኛ ጉልበት ለመጀመሪያው ይውልና ሁለተኛው ለግጥሚያው ቀን ጸሎት ይተዋል። ቅርጫቱ ሲያልቅ እያጎነበሱ ኳሶቹን ከየጥጉ መልቀም ይመጣል፤ ብዙ አማተሮች በሙሉ ታማኝነት የሚሠሩት የእግርና የወገብ ልምምድ ይኸው ብቻ ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት ዋና ዋናዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠይቁም፤ አሥር ደቂቃ ለሚኒ ቴኒስ፣ ሃያ ለሰያፍና ለስምንት ቅርጽ፣ አሥር ለሁለት ለአንድ፣ አሥር ለሰርቭ፣ የቀረው አሥር ለሸረሪቱና ለጥላው ቢመደብ ለአንድ ቀን ይበቃል። ይህን ለጥቂት ወራት የታገሠ ሰው በግጥሚያ ቀን የሚታየው ምንም እንዳልሠራ ሆኖ ነው፤ ኳሷን ከመረቡ ከፍ፣ ከመስመሩ ራቅ፣ በሰያፍ ወዲያ ማዶ እየሰደደ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ከቦታውም ሩቅ ሲሮጥ አይታይም፣ ተጋጣሚው ግን ከጥግ ጥግ እየተንገላታ በራሱ ስሕተት ነጥብ በነጥብ ይረግፋል። ከአጥሩ ሥር የተቀመጡት «ዕድለኛ ነው እኮ፤ ኳሷ ራሷ ናት ወደሱ የምትመጣው» ብለው ይፈርዳሉ። ተሸናፊውም በፍርዱ ተስማምቶ፣ ከሜዳው ሲወጣ ስለ ልምምድ ሳይሆን ስለ አሸናፊው ራኬት ስሪትና ዋጋ ይጠይቃል፤ አሸናፊውም፣ እውነቱን ቢናገር በሚመጡት ቅዳሜዎች ተለማምዶ የሚመጣ ተጋጣሚ ሊገጥመው እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ የራኬቱን ዋጋ ሳይሰስት በዝርዝር ይነግረዋል።